ስማቸውን እንዳላነሳ

ሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 2009

ዛሬም ተጣሉ። ያውም በእኔ ፊት፣ ያውም ሳንድዊቼን ጎርሼ ሳልውጥ።

ጠበቃዬ ማርየት «ክርክሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ መድረክ ላይ የምወጣውም እኔ ነኝ» አለች። ኬይስ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን መብት የሚያስከብረው ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። እሱ ደግሞ «ማኅበሩ ከኋላሽ ባይቆም ኖሮ ሁለተኛው ፍርድ ቤት እንኳን አትደርሺም ነበር» አላት። በቀደም ጋዜጣ ላይ የማርየት ፎቶ ብቻ ወጣ። ኬይስ ተናዶ ለጋዜጣው መልስ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ደህና ቃል አልተነጋገሩም።

ሽልማቱ ዓርብ እዚሁ ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ ይሰጣል። የሚሰጠው በእኔ ጉዳይ ላይ ለተፈረደው ፍርድ ነው። ከዚያ ፍርድ ወዲህ እንደ እኔ ወንድ ወዶ፣ ወይም ሴት ሆና ሴት ወዳ፣ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው አልጋ ላይ ምን እንደሚያደርግ አይጠየቅም። ክልክል ነው። ትልቅ ነገር ነው ይላሉ። ነውም።

በመጨረሻ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «ብሩክ፣ አንተ ተናገር። ድሉ የማን ነው?»

«ልብላና አስባለሁ» አልኩ። ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ምን ተሰማኝ? ምንም። ጥርስ ሐኪም ያደነዘዘው ከንፈር አለ አይደል፣ ሲነኩት የሌላ ሰው የሚመስል? እንደዚያ ነኝ። ፍርዱን የሰማሁ ቀንም እንዲሁ ነበርኩ። ሰው አቅፎኝ ሲያለቅስ እኔ ቁልፌን የት እንዳስቀመጥኩ ነበር የማስበው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

አምስተርዳም፣ የምሠራበት ሆቴል። አንሶላ፣ ፎጣ፣ አንሶላ፣ ፎጣ። አንዱ እንግዳ ሱሪውን አጥቦ ሻወር ውስጥ ሰቅሎት ሄዷል። ከሥራ ስወጣ ዝናብ። ዲመን ቤቴ ስደርስ ካልሲዬ ሳይቀር ርሷል።

ቀኑን ሙሉ ስለ እትዬ ጽጌ ሳስብ ዋልኩ።

የጥገኝነት ጥያቄዬ ምርመራ ቀን አስተርጓሚዬ እሳቸው ነበሩ። ጠባብ ክፍል ነው፤ መርማሪው፣ እኔ፣ እሳቸው። ከመግባታችን በፊት «አይዞህ ልጄ፣ ዝም ብለህ እውነቱን ተናገር» ብለውኝ ነበር። መርማሪው ይጠይቃል፣ እሳቸው ይተረጉማሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። እንዲህ እያልን ቆይተን አንድ ነገር ጠየቀ። እትዬ ጽጌ ዝም አሉ። ደገመው። ሻርፓቸውን አንገታቸው ላይ አጠበቁና በሆላንድኛ የሆነ ነገር ተናገሩ። መርማሪው ፊቱ ቀላ። ምርመራው ተቋረጠ።

እኔ ያኔ ሆላንድኛ አላውቅም። ምን ተብዬ እንደተጠየቅኩ የነገረችኝ በኋላ ማርየት ናት። እትዬ ጽጌ ያሉትንም የነገረችኝ እሷ ናት፦ «ይሄን በእኛ ቋንቋ ለዚህ ልጅ አልለውም። ባልና ሚስት እንኳን አይባባሉትም።» ማርየት ያንን ይዛ ፍርድ ቤት ሄደች። አስተርጓሚዋ እንኳን በአፏ ልታወጣው ያልቻለችውን ጥያቄ ሰው እንዴት ይጠየቃል ብላ ተከራከረች። ያሸነፍነው በዚያ ነው።

አስተርጓሚ ግን የተባለውን ሁሉ የመተርጎም ግዴታ አለበት። ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ ጽጌን ለሥራ የጠራቸው የለም። ይኸው እነ ማርየት ድሉን ሲካፈሉ ስማቸው አንድም ቀን አልተነሳም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ዴን ሃግ አጠገብ ያለችው ራይስዋይክ ሄድኩ። እትዬ ጽጌ እዚያ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እንደሚሠሩ ሰምቼ ነበር። ከሥራ እስኪወጡ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ።

«እዚህ መሆኔን ማን ነገረህ?» አሉኝ። ሰላምታም የለ።

«ሰው ጠይቄ ነው እትዬ። ዓርብ ለፍርዱ ሽልማት ይሰጣል። መድረክ ላይ ስምዎን ላነሳ ፈልጌ፣ ልንገርዎት ብዬ...»

«በስመ አብ! የእኔን ስም? ከዚያ ነገር ጋር?» ዞር ዞር ብለው አዩ። ዊልቸር ላይ ከሚያንቀላፉ አንድ አዛውንት በቀር ማንም አልነበረም።

ትራም ማቆሚያው ድረስ አብረን ሄድን። ወገባቸውን ይዘው ነው የሚራመዱት። ሰው ማንሳት ጎድቷቸዋል።

«ስማ» አሉኝ፣ «እኔ ለአንተ ብዬ አይደለም። አፌ እምቢ አለኝ። ልጄ በምትሆን ሰው ፊት... ነውር ነዋ! የናንተን ነገር ያኔም አልደገፍኩም፣ ዛሬም አልደግፍም። ይገባሃል?»

«ይገባኛል።»

«ሥራዬን ግን እወደው ነበር። ቶልክ እያለሁ፣ አስተርጓሚ ሆኜ፣ ሰው ሁሉ ይፈልገኝ ነበር። ትንሿ ልጄ ‹ማማ፣ አንቺ እኮ ጀግና ነሽ› ትለኛለች። ጀግና! እንጀራውን የሚያጣ ጀግና።»

ከዚያ ለመጠየቅ ስፈራው የኖርኩትን ጠየቅኩ። ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞሩብኛል። የናቁኝ ነበር የሚመስለኝ።

«ቶልክ እዚያ ያየውን ሰው ውጭ አያውቅም። እንደዚያ ብለን ነው የምንምለው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እሱ ብቻም አይደለም» አሉ። ቢያንስ አልዋሹኝም።

ትራሙ መጣ። ስልክ ቁጥሬን ብሰጣቸው ተቀበሉኝ። በሩ ሊዘጋ ሲል «ስሜን እንዳታነሳ፣ በማርያም!» አሉ።

ስማቸውን ካነሳሁ በአገር ሰው መሀል አንገታቸውን አስደፋቸዋለሁ። ካላነሳሁ ደግሞ ሥራቸውን ያጡበት ነገር የሌላ ሰው ሆኖ ሊቀር ነው። ወደ ቤት ስመለስ የማልወርድበት ፌርማታ ወረድኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ከሥራ በኋላ ማርየት ቢሮ፣ ሮተርዳም። ኬይስም ነበር። እንዴት እንደምንቆም ሊወስኑ ነው፤ እሷ በቀኝ፣ እሱ በግራ፣ እኔ መሀል። እኔ ስለ እትዬ ጽጌ አነሳሁ። ስም ሳልጠራ «ስለ አስተርጓሚዋም አንድ ነገር ይባል» አልኩ።

ማርየት፦ «ብሩክ፣ ሴትየዋ እኮ ሥራዋን አልሠራችም። ጥፋት ነው። ያንን ጥፋት መከራከሪያ ያደረግኩት እኔ ነኝ።» እውነቷን ነው። እኔ ተስፋ በቆረጥኩበት ሰዓት ሁሉ እሷ አልቆረጠችም።

ኬይስ፦ «እኛን የምትጠላ ሴት ናት። አባሎቼ ምን ይሉኛል?» እሱም እውነቱን ነው። መጠጊያ ሳጣ የተቀበለኝ ማኅበሩ ነው።

እሳቸውን በመተው ላይ ወዲያው ተስማሙ። ማርየት ብስኩት አቀረበችለት፣ እሱም ወሰደ። ሳቄ መጣ።

እኔስ ምን አደረግኩ? ያን ቀን ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፣ በቃ። ከሁላችን መሀል አፋቸውን ዘግተው ነገሩን የለወጡት እትዬ ጽጌ ናቸው።

ተናደድኩ። ትንሽ ነው፣ ግን ተናደድኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ! እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው እዚህ የምጽፈው።

ዓርብ፣ ኅዳር 9

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ፎቶም ቪዲዮም እንዳይነሳ አስቀድሜ ስለለመንኩ ተከልክሏል። ማርየት ተናገረች። ኬይስ ተናገረ፣ ከእሷ አስረዘመ። ሽልማቱ ከባድ የመስታወት ነገር ነው፤ እኔ እንድይዘው ሰጡኝ። የተዋስኩት ኮት ብብቴ ላይ ጠቦኛል።

ከዚያ ማይክ። ስማቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ እውነት። አንዴ ብጠራው ያልቃል፣ ማርየትም ኬይስም ምንም ማድረግ አይችሉም። እትዬ ጽጌ ትራሙ በር ላይ ያዩኝ አስተያየት መጣብኝ።

በዚያ በተሰባበረ ሆላንድኛዬ እንዲህ አልኩ፦ «አንዲት ያገሬ ሴት አለች። በእኔ ነገር አትስማማም። ያንን ጥያቄ ግን ወደ ቋንቋዬ አላስገባችውም። በዚህ ምክንያት ሥራዋን አጣች። እኔ ያንን ጥያቄ በአማርኛ ሰምቼው አላውቅም። እስከ ዛሬ።»

አጨበጨቡ። ከኋላ የተነሡም ነበሩ። ማርየት መሬት መሬት እያየች አጨበጨበች። ኬይስ ዘገየ፣ ግን እሱም አጨበጨበ።

ባቡር ውስጥ ሙዝ በላሁ። ምንም። እጄ ብቻ በረዶ ሆኗል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

ማርየት ደወለች። ሽልማቱ ግማሹን ዓመት እሷ ዘንድ፣ ግማሹን ማኅበሩ ዘንድ እንዲቀመጥ ተስማምተዋል። «ወይስ አንተ ትፈልገዋለህ?» አለችኝ። የት ላስቀምጠው? መስኮቴ ላይ ሽንኩርት ነው ያለው።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነገሩ ድንገት ታየኝ። «ያገሬ ሴት» ብያለሁ። እዚህ አገር አማርኛ የምትተረጉም፣ ሥራውንም ያጣች ሴት ስንት አለች? አዳራሹ ውስጥ አንድ ያበሻ ልጅ ከነበረ አለቀ። እኔ ሞኙ ስም ስላልጠራሁ ብቻ የጠበቅኳቸው መስሎኝ።

ምግብ አልበላ አለኝ።

እሁድ፣ ኅዳር 11

ኅዳር ሚካኤል ነገ ቢሆንም ሮተርዳም ዛሬ እሁድ ይከበራል። አልሄድኩም። ፈራሁ። እሳቸውን ሰው ከቦ ሲጠይቃቸው እያሰብኩ አልጋዬ ላይ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«ስሜን አነሳህ?» እትዬ ጽጌ ናቸው።

«አላነሳሁም እትዬ። ‹ያገሬ ሴት› ግን ብያለሁ። ሰው የሆነ ነገር አለዎት እንዴ?»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

«ማንም ምንም አላለኝም» አሉ። «ቅዳሴውም በሰላም አለቀ።»

ተመስገን አልኩ። ሊዘጉት ነው ብዬ ስጠብቅ አልዘጉትም። በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እና... ምን አልክ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሆላንድኛው ቀሎኝ ነበር፤ በአማርኛ አፈርኩ። ቢሆንም ሳልቆርጥ ጨረስኩት።

«አጨበጨቡ?»

«አጨበጨቡ እትዬ። ቆመውም ያጨበጨቡ ነበሩ።»

«ለእኔ?»

«ለእርስዎ።»

አፍንጫቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ፤ አልቅሰው ይሁን ጉንፋን ይዟቸው፣ አላወቅኩም።

«እስቲ ድገምልኝ» አሉ። «ቀስ ብለህ።»

ደገምኩላቸው። መሀል ላይ እንባዬ መጣና መናገር አቃተኝ። ጠበቁኝ።