በቀሚሷ ምክንያት ስለተከለከለች ታማሚ ልጅ

ለጽኑ ሕሙማን ሕፃናት ቤተሰቦች የጉዞ ወጪ ድጋፍ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ የካቲት 4

ጉዳዩ፦ በክፍልዎ ሠራተኛ «የዳነችው» የልጅ ልጄ ወደ ሐኪሞቿ የምትሄድበት የጉዞ ወጪ እንዲፈቀድላት ስለመጠየቅ

1. ክቡር ኃላፊ፣ ክፍልዎ የልጅ ልጄን በድሏታል። የደም ካንሰር የያዛትን የስምንት ዓመት ልጅ «ደህና ትመስላለች» ብሎ የጉዞ ድጋፍ ከልክሏታል።

2. አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። ሐኪሞቹ ዓመት ሙሉ በመርፌና በመድኃኒት ታግለው ያላዳኗትን ልጅ የእርስዎ ሠራተኛ ከወንበሩ ሳይነሣ አድኗታል። እንዲህ ያለ ባለሙያ ማኅተም ሲመታ መዋሉ ያሳዝናል።

3. ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ልጅቷ መክሳቷን ሰው ሲያይባት ስለምታፍር፣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለው፣ ወገቡ ሰብሰብ ያለ ቀሚስ ሰፋሁላት። እናቷም ቢሮ ነው የምንሄደው ብላ፣ ለእናንተው ክብር አጥባ ቅባት ቀባቻት። ፀጉሩ ላለቀው ራሷ ከዚያው ጨርቅ ሻሽ አሰርንላት። ሠራተኛው ቀና ብሎ አያትና «አባት፣ በሽተኛዋ ይቺ ናት? ከእኔ እሷ ትሻላለች እኮ!» አለ። አጠገቡ ያለችው ጸሐፊ ሳቀች። ልጅቷም የተመሰገነች መስሏት አብራ ሳቀች። ሳቋ የጤንነት ማረጋገጫ ሆኖ ተያዘባት። የሐኪሙ ማስረጃ ግን እንደተጣጠፈ ፊቱ ነበር፤ ሳይገልጠው መለሰልኝ።

4. ስከራከረው መላ አላጣም። «ሌላ ቀን በቤት ልብሷ ያምጧት፣ ኮሚቴው ይያት» አለኝ። በእናንተ ዘንድ ለመታመን መጀመሪያ መቆሸሽ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ መመሪያ በራችሁ ላይ ቢለጠፍ ኖሮ እናቷ ሳሙና ባላባከነች። እኔ ግን አላመጣትም። ስፌት አጥፌ የሸፈንኩላትን አጥንት ለኮሚቴ አልገልጥም።

5. ቀጠሮዋ የካቲት 15 ነው። ሆስፒታሉ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ያለፈው ቀጠሮ መሳፈሪያ አጥተን አልፎናል፤ ሕክምናው አሁንም ከተቋረጠ በሽታው እንደሚያገረሽ ሐኪሙ በዚያው ማስረጃ ላይ ጽፏል። ስለዚህ ልጅቷ ሳትሆን ማስረጃው ታይቶ፣ የእሷና የእናቷ መሳፈሪያ ከቀጠሮው በፊት እንዲፈቀድ እጠይቃለሁ። መልስዎ እምቢ ከሆነም ባጭሩ ይጻፉልኝ። ያን ጊዜ እንዴት እንደማደርሳት የእኔ ጉዳይ ነው።

ደረጃውን ስንወርድ እጄን ይዛ «አባባ፣ ሰውዬው ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቆንጆ ነሽ አለ» አልኳት። የሰው ስም በሐሰት ሳሳምር ያ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚህ ወረቀት በኋላ ይህን ነገር ለእርስዎም፣ ለእሷም፣ ለማንም አላነሣም።

ከተረፈኝ ሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
የታማሚዋ አያት፣ ልብስ ሰፊው