ማመልከቻዬ ላይ የጻፍኩት ስም

መተማ፣ ኅዳር 3 ቀን 1931። ጠዋት።

ለልጄ ለአበባ ኪኒኗን በማር ለውሼ ሰጠኋት። ተፋችው። እንደገና ሰጠኋት። ወባው ትናንት አልተመለሰም። ሚስቴ ጥሩነሽ ልጅቷን ሳይሆን እኔን ታያለች። ኪኒኑን የሚሰጠኝ የማስተምርበት ት/ቤት ነው። ት/ቤቱ የጣልያን ነው። ሁለታችንም እናውቃለን፤ አናነሳውም።

ቤቱም የእነሱ ነው። ቆርቆሮ። ሰሊጥ የምታጭደው ጎረቤታችን ቀና ብላ አየችውና፣ ክረምት ሲገባ ይህ ጣሪያ ባንዳ ባንዳ እያለ ነው የሚያድረው አለች። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። 

ኅዳር 5።

ዛሬ የመምህራኑ ድርጎ ታደለ። ለእኔ ዱቄት፣ ስኳር፣ ኪኒን። ቁርኣን ለሚያስቀሩት ለፈቂ ኢድሪስ ዱቄት ብቻ። ለጣልያኑ መምህር የብረት አልጋ ከነአጎበሩ፤ ስለ እሱ ማንም አይጠይቅም።

ፈቂ ኢድሪስ ከረጢታቸውን አንስተው መዘን መዘን አደረጉት። "የኔታ፣ የአንቱ ፊደል ስኳር ይወዳል ማለት ነው" አሉኝ። እንካፈል አልኳቸው። አልፈለጉም። የከፋቸው ስኳሩ ሳይሆን መበላለጡ ነው።

የጣልያኑ ሹም አስተርጓሚ ምክንያቱን ነገረን። የእኔ ማመልከቻ ላይ የመምህሬ ስም ተጽፏል፤ የእሳቸው ላይ የለም። ምስክር ያለው አንደኛ ደረጃ፣ የሌለው ሁለተኛ።

የመምህሬ ስም። 

ማመልከቻውን የሞላሁ ቀን፣ ምን ታውቃለህ ለሚለው ጥያቄ፣ "ቅኔ፣ በኮኪት ካሉት ከመ/ታ ይስማው" ብዬ ጻፍኩ። የቆሎ ተማሪ ሌላ ምን ይመልሳል? ምን ታውቃለህ ሲሉት ማን እንዳስተማረው ነው የሚናገር። መምህሩን ካልጠራ እውቀቱ የተሰረቀ ይመስላል። እጄ በልማዱ ጻፈው። አላሰብኩም።

ደብተሬ፣ ለአንተ ብቻ ልንገርህ። መሪጌታ ይስማው ከጎጃም የወረዱት ጣልያን ሊቃውንቱን እየለቀመ ሲፈጅ ነው። ኮኪት ላይ የሰሊጥ አውድማ ጠባቂ ናቸው። ጥምጥማቸውን ጥለዋል። መሪጌታ የሚላቸው የለም። የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ኅዳር 9። ከሰዓት።

ፈቂ ኢድሪስ አቤት አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኩል አስተምረን እኩል እናግኝ ነው ያሉት። ሹሙ ግን ከማስተካከል ይልቅ የእኔን ደረጃ አጣራ ብሎ አዘዘ። አስተርጓሚው ጠራኝ። ማመልከቻዬ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከስሙ ሥር በቀይ ተሰምሯል።

ይምጡና ይመስክሩልህ አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀጠለ፤ ሰውየው ኮኪት መቼ መጡ? ከየት?

ሞተዋል አልኩ።

አፌ ነው ያለው። መቼ? በክረምቱ። በምን? በወባ። ጻፈው። አስፈረመኝ። ብዕሩን ስመልስለት፣ የኮኪቱን ጭቃ ሹም እንጠይቃለን አለ፤ ለደንቡ ያህል።

ኅዳር 11።

መምህሬን ለማስጠንቀቅ የምልከው ሰው የለም። የማምነው የለም። እኔ ራሴ ብሄድ ይከተሉኛል።

ፈቂ ኢድሪስ መጡ። የአንቱ ደረጃ ይውረድ አላልኩም፣ የእኔ ይውጣ እንጂ አሉ። አፈሩ። ለጭቃ ሹሙ የተጻፈው ደብዳቤ ዛሬ ማታ ወደ ኮኪት መሄዱን የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም። ምናልባት ፍርሃት ሲበዛ ሰው መምረጥ ያቆማል።

አበባ እንደገና ትንቀጠቀጣለች።

ኅዳር 12። ከቀኑ አምስት ሰዓት።

መጡ። መምህሬ፣ በገበያ ቀን፣ በእግራቸው፣ አቧራ ለብሰው። ደብዳቤው በአንድ መንገድ ሲሄድ እሳቸው በሌላው መጥተዋል። ደቀ መዝሙሬ ወንበር ተክሎ ሳልመርቀው አላድርም ብለው። የት/ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ምርቃቱን በግእዝ ጀመሩ፤ በዚያ ድምፃቸው። ልጆቹ ተነሱ። ገበያተኛው ዞሮ አየ። እጃቸውን ይዤ ወደ ውስጥ ጎተትኳቸው። መምህሬን ጎተትኩ።

ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ነገርኳቸው። በወረቀት ገድዬዎታለሁ አልኳቸው።  ሳቁ።

"ታዲያ ተስካሬን ሳታወጣ?"

ቀጥሎ ያሉት ግን ያለ ሳቅ ነው። "ሞተ ስላልክ እኮ ነው የሚፈልጉኝ፣ ልጄ። የኖረን ሰው ነው ሞተ የሚሉት።"

ከዚያ ወዲህ ሌላ አላሰብኩም።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት።

ፈቂ ኢድሪስ የራሳቸውን የሱዳን ጥምጥም ለመምህሬ ጠመጠሙላቸው። የገላባት ነጋዴዎች ከነአህዮቻቸው ወደ ሱዳን ሲመለሱ አብረው ይሻገራሉ፤ የፈቂው ታላቅ ወንድም ተብለው። ጥሩነሽና አበባም። የፈቂው እህት ቤት ማዶ ነው። ጥሩነሽ አልተከራከረችኝም። ትከተለናለህ ወይ አለችኝ። እከተላለሁ አልኩ። አላመነችም፤ ነጠላዬን ግን ከዕቃዋ ጋር አሰረች።

እኔ አብሬ ብጠፋ ዛሬውኑ ይከተሉናል፤ ኮኪትንም ይፈትሻሉ። ጭቃ ሹሙን ይገርፋሉ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ተሻግረዋል። ከጉብታው ላይ ሆኜ ቆጠርኳቸው። አንድም ወደ ኋላ ያየ የለም።

አሁን ቢሮው ይከፈታል። የወሰንኩትን እዚህ ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት እግሬ ተከትሏቸው ሊሻገር ይችላል። ይስማው የሚባል መሪጌታ በዓለም ላይ የለም እላለሁ። አልሞተም፤ አልተወለደም። ደረጃ ፈልጌ የፈጠርኩት ስም ነው። ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ቤቱን ውሰዱ። ስለ ማታለሌ የምታደርጉኝን አድርጉኝ።

ይህን ቃል መምህሬ ባይሰሙት ይሻላል። ወይም እሳቸው ብቻ ቢሰሙት።

አስተርጓሚው መቼም ይጠይቀኛል፤ ታዲያ ማን አስተማረህ?

ማንም።