የጾም ብስኩት

የካቲት 24
ጾም ከገባ አራተኛ ቀን። ሱቄ ውስጥ ቶሎ የሚያልቀው የጾም ብስኩት ነው። ለጋሼ ዳናም አንድ እሽግ ወሰድኩለት። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ከደጋው ከኦቾሎ ከወረደ ጀምሮ ጓሮዬ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ሸማ ይሠራል። አሁን የያዘው የኔን ጋቢ ነው፣ ለፋሲካ። ሐኪም ስኳር ከከለከለው ወዲህ ሻዩን ባዶውን ይጠጣል። ይኮራበታል። «ሻዩ መራራ፣ እኔ ጣፋጭ!» አለኝ፣ ብስኩቱን እየነከረ። የጾም ነው፤ ምን ይጎዳዋል?

መጋቢት 8
እግሩ ይደነዝዘዋል። የሸማውን መርገጫ ገመድ በእግር ጣቶቹ መሃል የያዘ እየመሰለው ይለቀዋል። «እርጅና ነው» ይላል። በሃምሳ ሁለት ዓመት? ጾሙ ነው ያደከመው ብዬ ሌላ እሽግ ጨመርኩለት።

መጋቢት 21
የሸማው ጉድጓድ ውስጥ ደም አየሁ። ገመዱ የእግሩን አውራ ጣት በልቶታል።
«ጋሼ፣ አላመመህም?»
«ምኑ?»
ምኑ...

መጋቢት 22
ሆስፒታል። ነርሷ ስኳሩን ለክታ ቁጥሩን ደግማ አየችው። ከዚያ፣ «አባት፣ ስኳር አልተዉም እንዴ?»
«አንዲት ማንኪያ አልቀመስኩም። እህቴን ጠይቂ።»
«እውነቱን ነው» አልኩ።
ማታ የእሽጉን ጀርባ እንድታነብልኝ ለልጄ ለፌቨን ሰጠኋት። እንግሊዝኛ ነው።
«ከዱቄት ቀጥሎ ስኳር ይላል። ዝቅ ብሎ ሌላ ስኳር፣ ፈሳሽ።»
«የጾም ነው እኮ!»
«የጾም ማለት ወተትና ቅቤ የለውም ማለት ነው፣ እማዬ።»
ስንት እሽግ በእጄ ሰጠሁት? መቁጠር ጀመርኩ... ተውኩት።

ሚያዝያ 6
ሁለት የእግር ጣት ተቆረጠ። አውራ ጣቱና ቀጥሎ ያለው። ገመዱን የሚይዝባቸው።

ሚያዝያ 16
ፋሲካ። የብስኩቱን ነገር ገና አልነገርኩትም።

ግንቦት 12
«እህቴ፣ ያን ጉድጓድ ድፈኚው። ሰው ይገባበታል» አለኝ። ጋቢው ገና ግማሽ ነው።
ያኔ ነገርኩት፤ ስለ ብስኩቱ።
«መጣፈጡንማ አውቄ ነበር» አለ። «የጾም ስለሆነ ነው ዝም ያልኩት።»
ከፌቨን ጋር አፈር ሞላንበት።

ሰኔ 8
የሐዋርያት ጾም ገብቷል። ጋሼ ዳና ሱቁ በር ላይ ተቀምጧል። አሁን ቦታው እዚያ ነው። አንዲት ልጅ መጣች።
«የጾም ብስኩት አለ?»
«ለማን ነው?» ድሮ አልጠይቅም ነበር።
«ለአባቴ። ሐኪም ስኳር ከልክሎታል።»
እሽጉን አንስቼ ጀርባውን ላሳያት ስል፣ «ነይ እስቲ ልጄ» አላት ጋሼ ዳና። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ።