ነጩ ከቦታው አይነሳም፦ ስለ ካርታ ሠሪው አቶ ጉዲና ፈየራ ዕረፍት

የአሶሳ ዙሪያ የዝናብ መረጃ ማኅበር የካርታ ክፍል ኃላፊ የነበሩት አቶ ጉዲና ፈየራ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው አርፈዋል። ማኅበራችን እጅግ አዝኗል። አንገታችንን ግን አልደፋንም፤ ለምን እንደሆነ እንናገራለን።

በባምባሲ የተወለዱት አቶ ጉዲና በ1996 ዓ.ም. ማኅበራችንን ተቀላቀሉ። ሥራቸው የየወረዳው ዝናብ ከመደበኛው ምን ያህል እንደበለጠ ወይም እንዳነሰ በቀለም ማሳየት ነበር። ሲሉት ቀላል ነው፤ ሲሠሩት አይደለም።

በ2003 ዓ.ም. ካርታችን ደረቁን በቀይ፣ እርጥቡን በአረንጓዴ ያሳይ ነበር። ከሰፋሪ ገበሬዎች አንዱ አቶ አሳምነው፣ «አቶ ጉዲና፣ ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ታዲያ ልዝራ ወይስ ልቀመጥ?» አሏቸው። ሁለቱን ቀለማት የማይለዩ ወንዶች ጥቂት እንዳልሆኑ ያኔ አጣርተው ደረቁን ቡናማ፣ እርጥቡን ሰማያዊ አደረጉ። መሃል ላይ ነጭ አለ፤ ነጩ መደበኛ ዝናብ ነው። ከእሱ ወዲያና ወዲህ ቀለሙ እየጠቆረ ይሄዳል።

በ2005 ዓ.ም. ወደ ሸርቆሌ የምንልከው ኮፒ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ሁለቱ ጫፎች ተመሳስለው ተገኙ። በደረቁ በኩል ነጠብጣብ ጨመሩበት፤ ነገሩ አለቀ።

በ2007 ዓ.ም. ግን ተሳሳቱ፤ አንደብቅም፣ እሳቸውም አልደበቁም። ነጩን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲያስቀምጠው ተዉት። በዚያ ዓመት ዝናቡ በሁሉም ወረዳ አንሶ ነበር። ማሽኑ ነጩን በመደበኛው ዝናብ ፈንታ በዚያ ዓመት ቁጥሮች መሃል ሲያደርገው፣ ከሌላው ጥቂት የሚሻለው ካማሺ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ገበሬው ሰማያዊውን አምኖ ዘራ፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ደርቆ ቀረ። አቶ ጉዲና በማሽኑ አላላከኩም። አስቸጋሪውን መንገድ ተጉዘው ካማሺ ሄዱ፣ በሕዝብ ፊት «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ፣ ካርታውንም ስማቸውን ጽፈውበት ቢሯችን በር ላይ ሰቀሉት። ይኸው ዛሬም እዚያው አለ። ከዚያ ወዲህ ነጩ ከመደበኛው ዝናብ ላይ ተነስቶ አያውቅም።

በመጨረሻው፣ ገና ባልወጣው የዘንድሮ የግንቦት ካርታ ላይ፣ ታመው ከተኙበት ሆነው ፈርመዋል። ከቀብራቸው በአራተኛው ቀን ግን ስሙን የማንጠቅሰው አንድ አካል፣ «ቡናማው በዝቷል፤ የእንግዶችን ዓይን አይስብም፤ ነጩን ዝቅ አድርጉት» የሚል ደብዳቤ ላከልን። ነጩ ከመደበኛው ዝናብ ዝቅ ካለ ካማሺ ዳግመኛ ሰማያዊ ይሆናል። ገበሬው ደግሞ ዘሩን ይዞ የእኛን ካርታ እየጠበቀ ነው።

መልሳችን በዚህ መግለጫ ይድረሳቸው፦ አናደርገውም። ሌላ ካርታ ሠሪ ቢላክብንም አናደርገውም፤ ቢሯችን ቢዘጋም በእጃችን ቀልመን እናወጣዋለን።

ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ኡርጂ፣ ለልጃቸው ለኢልሊ፣ አብረዋቸው ለሠሩና ካርታቸውን አምነው ለዘሩ ሁሉ ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥልን። ካርታው የፊታችን ቅዳሜ አሶሳ ገበያ ላይ ይለጠፋል፤ በዚያው ቀንም ካማሺ ይደርሳል። ቡናማ ነው። ከሥሩም የእሳቸው ፊርማ አለ።

የአሶሳ ዙሪያ የዝናብ መረጃ ማኅበር
አሶሳ፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም.