ስብሰባ የመራው ትኋን

ግርማዬ፣ የልጄ አባት፣

ሙት ዓመትህን ካወጣን ሁለት ወር አለፈ። ሰብለ ቁመቷ ትከሻዬ ጋ ደርሷል፤ የቤት ሥራዋን የምትሠራው አንተ ትስልበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጣራው በጓዳ በኩል አሁንም ያፈሳል። የቤቱን ወሬ ግን ላቆየውና ሰሞኑን የደረሰብኝን ልንገርህ።

የሦስተኛ ክፍል ልጆቼ ሳይንስ አልገባ ሲላቸው እኔ ጽሑፉን፣ አንተ ሥዕሉን ሠርተን በትምህርት ቤቱ ማባዣ መኪና ያወጣናትን ትንሽ መጽሐፍ መቼም አትረሳትም። ሽንት ቤት ስትገባ እግሯን በወግ የምትጠርገው፣ ስትወጣ ግን ረስታ ዳቦ ላይ የምታርፈው ዝንብ ልጆቹን እንዴት እንዳሳቀቻቸው! ከዚያ ወዲህ ዳቦውን ሳይሸፍን የመጣ ልጅ አላየሁም። ትኋኖች ቀን ቀን በፍራሽ ስፌት ውስጥ ተከማችተው እንደሚውሉ ለማሳየት ደግሞ ስብሰባ ሳልክ። ቦርጫሙ ኮፍያ አድርጎ ይመራል፣ ሌሎቹ እጃቸውን ያወጣሉ።

የቀበሌው ጥበቃ ምሳ ላይ መጥቶ "ሊቀመንበሩ ይፈልጉሃል" ሲልህ፣ በዚያ ፀሐይ ሹራብ ያስደረብኩህ ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። በኮልፌ ተጠርቶ የቀረ ሰው ጥቂት አይደለም። አብሬህ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ መጽሐፉን ገልጠው "ይሄ ማን ነው?" አሉህ።

"ትኋን ነው፣ ጓድ።"

"ትኋንነቱንማ አየሁ። ማን ነው?"

ኮፍያህን አስተካከልክና ቦርጭህን አሳየሃቸው። "እኔ ነኝ፣ ጓድ። መስታወት እያየሁ ነው የሳልኩት፤ አፍንጫውን ይዩት።" እውነትህን ነበር። ጸሐፊዋ ሳቅ አመለጣትና አፏን ያዘች። እሳቸው አልሳቁም። "ይቆይ" ብቻ አሉ።

ሳምንት ያህል ወደ ቀበሌው እስር ቤት ምግብ ሳመላልስ ስለ አንተ አንድ ቃል የነገረኝ የለም። በሕይወት መኖርህን የማውቀው ሳህኑ ባዶውን ሲመለስልኝ ነበር። የትኋኖቹ ገጽ ከየመጽሐፉ ተቀድዶ ይምጣ ተባለ፤ ቀደድኩ፤ ወጣህ። ኩላሊትህ አልጋ ላይ እስኪጥልህ ድረስ ግን እርሳስ አልጨበጥክም።

ባለፈው ማክሰኞ ከቀበሌ የተላኩ ተቆጣጣሪ ክፍሌ ኋላ ተቀምጠው ነበር። "ፍራሽ ፀሐይ ላይ የምናሰጣው ለምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። ሒሩት የምትባል ልጅ ብድግ አለችና "ስብሰባቸውን ለመበተን!" አለች። ልጆቹ በሳቅ አውካኩ።

"ማን ነገረሽ?" አሏት ተቆጣጣሪው።

"ታላቅ እህቴ። ድሮ መጽሐፍ ላይ ነበር አለችኝ።"

ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ።

በማግስቱ ቀበሌ ተጠራሁ። ሰብለን ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ዘንድ ትቼ፣ እኔም በተራዬ ሹራብ ደርቤ ሄድኩ። እኚያው ሊቀመንበር እዚያው ወንበር ላይ ናቸው።

"ገጹን ቀድደናል አላላችሁም ነበር?"

"ቀድደናል፣ ጓድ። ልጆቹ ራስ ውስጥ ያለውን ግን በምን ልቅደደው?"

እሳቸውም ከመንግሥት መጽሐፍ ሌላ አንዲት ወረቀት ክፍሌ ውስጥ ብትገኝ ወደ ቤቴ እንደማልመለስ ነግረው አሰናበቱኝ። ሰብለ በር ላይ አንገቴን አንቃ ይዛ አልለቅም አለች።

ትናንት ትምህርቱ ስለ ወስፋት ነበር። ልጆቹ ፈርተው፣ ጭጭ ብለው ሲያዩኝ አላስቻለኝም። ሰሌዳ ወረቀት አይደለም አልኩ ለራሴ። ሻንጣ ያንጠለጠለ ወስፋት እጁን ያልታጠበ ልጅ ሆድ እያንኳኳ "ደባል ልግባ?" ሲል ሳልኩ። ሥዕሌን ታውቀዋለህ፤ ወስፋቱ ቀበቶ መሰለ። እሱም አሳቃቸው። ዓይኔ በሩ ላይ፣ ጆሮዬ ኮቴ ላይ ሆኖ አስተማርኩ። ደወሉ ሲደወል ቶሎ ብዬ አጠፋሁት። በመስኮት ስመለከት ልጆቹ "ደባል ገብቶብሃል!" እየተባባሉ ቧንቧው ጋ ይጋፋሉ፣ እጃቸውን ያሻሻሉ።

ግርማዬ፣ ክፍሌ ውስጥ ስምህን ጮክ ብዬ ልጠራው አልችልም። ግን አንድ ልጅ እየሳቀ አንድ ነገር በገባው ቁጥር አንተን ሳላስብ አላልፍም። እስካለሁ ድረስ ይህን ቃሌን ያዝልኝ።

ባለቤትህ አልማዝ