በጸበል ያደሩ እርሳሶች

የካ፣ ሚያዝያ 1979 ዓ.ም.

ውድ ገብረማርያም፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም፤ ከሞትክ ዓመት አልፎሃል። ግን የዛሬውን ጭንቀቴን ካንተ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

ልጃችን ፀሐዬ ማትሪክ መፈተን ጀመረ። ነጥብ ካልመጣለት ዩኒቨርሲቲው ቀርቶ ብሔራዊ ውትድርና ነው የሚጠብቀው። ታላቁ ኃይለ መስቀልም የሄደው እንዲሁ ነጥብ ጎድሎት ነው። ያኔ አንተ ታመህ ነበር፤ ጥናቱን ጥሎ ሲያስታምምህ "ተው፣ እኔ አለሁ" አላልኩትም። ይኸው ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።

ለዚህኛው ምንም እንዳይጎድልበት ብዬ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጣሁና ጸበል ይዤ መጣሁ። እርሳሶቹን በኩባያ ነክሬ አሳደርኳቸው፤ ጠዋት በነጠላዬ አደራርቄ ኪሱ ከተትኩለት። በራሴ ለፍቼ ማንበብ ተማርኩ ብዬ የምኮራ ሴት፣ እርሳስ በሙጫ የተጣበቀ እንጨት መሆኑ እንዴት ጠፋኝ?

ከፈተና ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"እማዬ፣ እርሳሶቼን ምን አደረግሻቸው?"

"ምን ሆኑ?"

"ሒሳቡ መሃል ላይ እንደ ባቄላ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱን ስተወው ሌላው።"

ነገርኩት። ይቆጣል ስል ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አላለኝም። ፈተናው ላይ አጠገቡ ተቀምጣ የነበረችው የባለ ሱቁ የከማለዲን ልጅ ሰዓዳ የራሷን እርሳስ ሰብራ እኩሌታውን ሰጠችው። ፈታኙ እስኪፈቅድ ግን ጊዜው ሄደ። "የቀሩትን ጥያቄዎች ሳላነብ የመልሱን ክቦች ዝም ብዬ አጠቆርኩ" አለኝ። ስንት እንደሆኑ አልነገረኝም፤ እኔም ፈርቼ አልጠየቅሁትም።

ላመሰግን ሱቁ ብሄድ ከማለዲን፣ "እትዬ ሸዋረጋ፣ ለነገ ደረቅ እርሳስ ልስጥዎ፤ ይሄኛውን ግን እንዳያጠምቁብኝ" አለኝ። አብሬው ሳቅሁ። ቤት ስገባ እርሳሶቹን የነከርኩበትን ኩባያ አጥቤ ደፋሁት።

ነገ እንግሊዝኛ ነው። ፀሐዬ፣ "ለእኔ ብለሽ የትም አትውጪ፣ ምንም አታድርጊ" ብሎ ቃል አስገብቶኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ።

አንተ ግን እዚያው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ግቢ ውስጥ ተቀብረሃል፤ ከመቃብርህ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሩቅ አይደለም። አንተን ቃል ያስገባህ የለም። ልጁ ፈተና ከመግባቱ በፊት ለእመቤቴ አንተ ንገርልኝ።

ባለቤትህ
ሸዋረጋ