ለአንድ ፈተና ሁለት አባት

ሐምሌ 10፣ ከጧቱ 12፡30፣ ሐይቅ

ሠላሳ ጥያቄ ሠራሁ። አሥራ ዘጠኝ አገኘሁ። ትናንት ሃያ አንድ ነበር። ወደ ኋላ ነው የምሄደው ደብተሬ፤ ለማንም እንዳታወሪ።

የዛሬው ስለ ኢንዛይም። በሠላሳ አራት ዓመቴ! ስፔሻሊቲ ከጨረስኩ በኋላ! የሕፃናት ሐኪም ነኝ፤ ደሴ ዋርድ ውስጥ እናቶች ልጃቸውን አምነው ይሰጡኛል። አሜሪካ የልጆች ልብ ሕክምና ፌሎሺፕ ልግባ ስል ግን እንደገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስቴፕ ዋንና ስቴፕ ቱ የሚሏቸው የሐኪም ፈተናዎች፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ከዚያ ሰርተፊኬት። እነዚህ ሳይሟሉ በር የሚከፍት የለም።

ፌሎሺፑን የምትመራው ፕሮፌሰር በኢሜይል ቁርጡን ነግራኛለች። ወዳኛለች፤ ቦታም አላት። የፈረንጆቹ ዓመት ሳያልቅ የስቴፕ ዋን ውጤቴን ካላየች ግን ቦታውን ለሌላ ሰው ትሰጣለች።

ቦታውን እፈልገዋለሁ። በጉሮሮ ሕመም ጀምሯቸው ልባቸው የተበላሸ ልጆች በየሳምንቱ ይመጣሉ። ሪፈር እጽፋለሁ። አብዛኞቹን ሁለተኛ አላያቸውም።

ጋሼ ሰይድ የጥያቄ ካርዶቹን ይዞ ፊቴ ተቀምጧል። አጎቴ ነው፤ የእናቴ ወንድም፤ ያሳደገኝ። ጡረታ የወጣ ድሬሰር። እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል እየለቀመ ያነባል፤ መልሱን በመዳፉ ይሸፍናል፤ ስሳሳት አንገቱን ይነቀንቃል። እኔ ስንቱን ፔኒሲሊን ስወጋ ኖርኩ፣ ኢንዛይም የሚባል ሰው አንድ ቀን መጥቶ አልጠየቀኝም ይላል። ረፈደብኝ። ሚኒባስ።

ሐምሌ 14፣ ምሳ ሰዓት፣ ደሴ

አሜሪካ የላክሁት የፈተና ማመልከቻ ተያዘ። ዲፕሎማው «ለምለም ሰይድ» ይላል፤ ፓስፖርቱ «ለምለም ደምሴ»። ሰነድ አጣሪዎቹ በትሕትና ይጠይቃሉ፤ እነዚህ ሁለት ሴቶች አንድ ናቸው ወይ? እስኪመሳሰሉ የፈተና ፈቃድ የለም። በትዳር ምክንያት ከሆነ የጋብቻ ወረቀት ላኪ ይላሉ። ትዳር! እስቲ ባሉን ያምጡልኝና ወረቀቱን እልካለሁ።

እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? እናቴ ስትሞት ሰባት ዓመቴ። አምባሰል፣ እኛ ቀዬ ት/ቤት አልነበረም። አባቴ ደምሴ በበቅሎ ሐይቅ ድረስ አምጥቶ ለጋሼ አስረከበኝ። ምዝገባ ላይ የአባት ስም ሲባል ጋሼ ትን ሳይለው «ሰይድ» አለ። በእኛ ዘንድ ያሳደገ ሰው ስሙን ይሰጣል፤ ክፍላችን ውስጥ በአጎቱ፣ በአያቱ የሚጠራው ስንት ነበር። ክርስቲያኑ ደምሴ የወለዳት ልጅ «ሰይድ» መባሏም ለወሎ ወሬ አይሆንም።

ስሕተቱ የራሴ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ለውጥ መጣ ተብሎ ሁሉም ሰው የሆነ ነገር ሲያስተካክል፣ እኔም ስሜን ላስተካክል አልኩ። ለወለደኝም ድርሻው ይድረሰው ብዬ ፓስፖርቴን በደምሴ አወጣሁ። እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ያለኝ ምርጫ ሁለት ነው። ፓስፖርቱን ወደ ሰይድ መመለስ። ወይም ዩኒቨርሲቲው ዲፕሎማዬን በደምሴ እንዲያወጣልኝ መለመን፤ እሱ ደግሞ ዓመት ይፈጃል። ዓመት የለኝም። ስለዚህ የሚፋቀው አባቴ ነው። ለፕሮፌሰሯ «እሺ» ማለት ቀላል ነበር፤ ይህን ለደምሴ ማን ይነግረዋል?

ሐምሌ 18፣ እሑድ ማታ 12 ሰዓት

ነገርኩት።

በሚኒባስ እስከ ውጫሌ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ጭቃ። አባቴ ደጅ ተቀምጦ ለመጪው አበባ የንብ ቀፎ ይሠራል። ቁጭ ብዬ ሁሉንም አወራሁት። ሐረጉን መጎንጎኑን አላቆመም። ሰዎቹ እኔን ያውቁኛል እንዴ አለ። አያውቁህም አልኩት። እና ምን አደረግኳቸው አለ። ሳቅን።

ከዚያ የሰይድ ይሁን አለ፤ ያስተማረሽ እሱ ነው። ድምፁ ደህና ነበር። እጁ ግን ቆመ።

መንገድ ድረስ ሸኘኝ። ስንለያይ አሮጌው ፓስፖርት ምን ይደረጋል ብሎ ጠየቀኝ፤ ይቀደዳል? ይበሱትና ይመልሱልናል አልኩት።

«እንግዲያው ለኔ አምጭልኝ፤ እኔ ላስቀምጠው» አለ።

ሚኒባስ ውስጥ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው እስከ ሐይቅ ሲያጽናኑኝ መጡ።

ሐምሌ 22፣ ጧት

ደብተሬ፣ ዛሬ ጋሼ ላይ ጮኽኩበት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ያተምኩትን የሰነድ አጣሪዎቹን ኢሜይል ካርዶቹ መካከል አገኘው። ሁለት ቀን መዝገበ ቃላት ይዞ ሲፈታው ሰንብቷል። ዛሬ ቁርስ ላይ ለዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ መጻፉን አበሠረኝ፤ በእጅ ጽሑፍ፣ በካርቦን ሁለት ቅጂ። ቅጂውን አነበብኩት። «እኔ ሰይድ የተባልኩት ግለሰብ የልጅቷ አባት ስላልሆንኩ፣ ስሜ በስሕተት የገባ በመሆኑ እንዲፋቅልኝ።» ዋናውን ፖስታ ቤት እንዲያስገባለት ለጎረቤታችን ለሚኒባስ ሹፌሩ ሰጥቶታል።

አባቷ አይደለሁም ብለህ ጻፍክ? አልኩት። ሰሃን ገፋሁ። ሻይ ፈሰሰ።

ጋሼ መነጽሩን አወለቀ።

«አንች ልጅ፣ ወላሂ ለደምሴ አዝኘ ነው። እህቴ ሞተችበት። አንችን እኔ ወሰድኩበት። ስሙን እንኳ ላስተርፍለት ብየ ነው።»

አቀፍኩት። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ አፍንጫውን ጠራርጎ ካርድ አነሳ፤ ስለ ኩላሊት ጠየቀኝ። ተሳሳትኩ።

ከሰዓት፦ ሹፌሩ ማመልከቻውን ኪሱ ውስጥ ረስቶታል። ልስመው ምንም አልቀረኝ። ወረቀቱን አንቺ ውስጥ አጥፌዋለሁ፤ ያዢልኝ።

ሐምሌ 29፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ወረዳ ፍ/ቤት። ለክረምት ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ደረስን። የስም ለውጥ ያለ ዳኛ አይሆንም፤ ሁለቱም ምስክሮቼ ናቸው። አባቴ ትናንት ወርዶ ጋሼ ጋ አደረ፤ ነጭ ጋቢውን ለብሷል። ጋሼ ኮቱን።

ዳኛዋ እኔን የምታክል ሴት። መጀመሪያ አባቴን ጠየቀችው። ስሜ ይነሳና የሰይድ ይሁን አለ። ጋሼ ከኋላ ብድግ አለ፤ ሳይጠየቅ። የለም፣ የኔ ነው የሚነሳ፣ ወላጇ እሱ ነው። አባቴ ዞሮ፣ አንተ ሰይድ ተቀመጥ፣ ገና አልተጠራህም። ጋሼ ደግሞ፣ እድሜ ልክህን እንዲህ ነህ አለው። ዳኛዋ ጠረጴዛ መታች። በሥራ ዘመኔ ለስም የሚጣላ ብዙ አይቻለሁ፣ ስሜን ፋቁልኝ ብሎ የሚጣላ ግን አላየሁም አለች።

አንቺስ? አለችኝ። ያጠናሁትን መልስ ትቼ ሁለቱንም ነው የምፈልገው አልኩ።

ሰነዶቹን አገላበጠች። ዲፕሎማው ላይ የተጻፈው ስምና የአባት ስም ብቻ ነው። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስምም አለ። እና እንዲህ ብንለው አለች፤ ለምለም ሰይድ ደምሴ። ከዲፕሎማው ጋር ይገጥማል፤ ማንም አይወጣም።

ከዚያ ጸሐፊው ቀና ብሎ፣ እንደዚህ ከሆነ አቶ ደምሴ የአቶ ሰይድ አባት ሆኑ እኮ አለ።

ጋሼ በስድስት ዓመት ይበልጠዋል።

አባቴ ጋቢውን አስተካከለ፤ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ጉልበቱን አመቻቸ።

«በል ልጀ ሰይድ፣ ና ጉልበት ሳም!»

«ያረቢ! በሽምግልናየ ደምሴ ይውለደኝ?»

ዳኛዋ በፋይሉ ፊቷን ሸፈነች። ዘበኛው ምን ሆኑ ብሎ በር ከፈተ። ተፈቀደ። ማኅተም። እወዳቸዋለሁ ደብተሬ፤ እንዲህ አድርጌ እንደምወዳቸው አላውቅም ነበር።

ነሐሴ 12፣ ሚኒባስ ውስጥ

አጭር እጽፋለሁ፤ መንገዱ ያንገጫግጫል። የሰሜኑ ጦርነት ወደ እኛ እየወረደ ነው። ከወልድያ በኩል የተፈናቀሉ ሰዎች የሐይቅን ት/ቤቶች ሞልተዋል። ዋርዳችን ውስጥ አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሕፃን፤ አንዳንዱ ላይ ሦስት። የፓስፖርት ለውጡን ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ጠብቂ ተብያለሁ።

አባቴ ወደ አምባሰል መመለስ አልቻለም። ጋሼ ቤት ነው። በሬዲዮ ይጣላሉ፤ አንዱ ያስጮኸዋል፣ ሌላው ይዘጋዋል። ጋሼ አሮጌ ነጭ ካፖርቱን አውጥቶ ት/ቤቱ ውስጥ ለተፈናቃዮች ቁስል ያጥባል። አባቴ ውኃ ያቀብለዋል። ማታ ማታ እኔ ስገባ ሁለቱም እግራቸውን ዘርግተው ካርድ ይዘው ይጠብቁኛል። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ ግን ጋሼ ሲያነብ ፊቴን ያያል። ይቺን አላወቀቻትም፣ እለፋት ይላል። አይሳሳትም።

መስከረም 9፣ ጧት

መጣ! አዲሱ ፓስፖርት። አባቴ የቱ ጋ ነኝ አለ። ጣቱን ይዤ አሳየሁት። ጋሼም የራሱን ቢያውቅም ጣቱን ዘረጋ፤ የሱንም ይዤ አሳየሁት።

ቅጂውን ከፍ/ቤቱ ውሳኔ ትርጉም ጋር ላክሁ።

መስከረም 14

አጣሪዎቹ ተቀበሉ። አንዲት ሴት ሆኛለሁ። ፈቃድ ተሰጠኝ። ናይሮቢ፣ ጥቅምት 22። ስምንት ሰዓት የሚፈጅ ፈተና።

ጥቅምት 11፣ ከሰዓት

ከአርባ ሠላሳ አራት! ሁለት ቀን ተከታታይ። ጋሼ ውጤቱን ካሌንደሩ ላይ ይጽፋል።

ስንሠራ ሩቅ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማል። ማናችንም አንስተን አናወራም። ካርዱን ብቻ እናፈጥነዋለን።

ጥቅምት 17፣ ከጧቱ 1 ሰዓት

ድምፁ ቀረበ። ጎረቤቶቻችን ሌሊቱን ወጥተዋል። ከተማው በእግር እየሄደ ነው፤ ፍራሽ፣ ፍየል፣ ሕፃን።

የሥራ ባልደረባዬ ቤተሰቡን ይዞ በቀጥታ አዲስ አበባ ይሄዳል። መኪናው ውስጥ አንድ ቦታ አለ፤ ለኔ። በረራዬ ከነገ ወዲያ።

ሁለቱም ሂጂ ይላሉ። እኛ ቤት እንጠብቃለን ይላሉ። ጋሼ ት/ቤቱ ውስጥ ሥራ አለብኝ ይላል፤ ት/ቤቱ እኮ ከትናንት ጀምሮ ባዶ ነው። አባቴ ጉልበቴ መንገድ አይችልም ይላል። ጋሼ አብሽሪ፣ አሏህ ይወፍቅሽ ብሎ ሻንጣዬን ራሱ ዘጋው። ፓስፖርቴን ጡቴ ሥር እንድይዘው ይመክረኛል። እርስ በርስ ተያይተው ተስማምተዋል። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

ከጧቱ 2፡40

ባልደረባዬን ሂድ አልኩት።

አባቴ ተቆጣ። ጋሼ ባሰ፤ ያን ሁሉ ካርድ ለምን አነበብኩልሽ ብሎ ካሌንደሩን ከግድግዳው ገነጠለ። ተናግረው እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው። ከዚያ ነገርኳቸው። ሁለታችሁም ለኔ ብላችሁ ስማችሁን ልታስፍቁ ተሽቀዳደማችሁ። አሁን ተራው የኔ ነው። ሦስታችንም እንወጣለን፤ ካልሆነ ሦስታችንም እዚህ ነን። ምረጡ።

ጋሼ መሬት መሬት አየ። አባቴ ጋቢውን ፈለገ።

ቁስለኛ የጫነ አምቡላንስ ወደ ደሴ ሊወጣ ነው። ነጂው ያውቀኛል፤ መንገድ ላይ ቁስለኞቹን እንድከታተልለት ከኋላ ሦስታችንንም ይጭነናል። ከደሴ በኋላ የት? አላውቅም። ወደ ታች።

ከጧቱ 3፡05

ኔትወርክ አንድ መስመር አለ። የፈተናውን ገጽ ከፈትኩ። ቀን መቀየር ይቻላል። ባዶ ቦታ ያለው ቀን ግን ፕሮፌሰሯ ከሰጠችኝ ቀነ ገደብ ያለፈ ነው። ሁለት ጊዜ አየሁት። ያለፈ ነው። ቦታው ሄደ ማለት ነው። ያማል ደብተሬ፤ አያምም ብዬ አልዋሽሽም።

አዲሱን ቀን ያዝኩት።

ለፕሮፌሰሯም ጻፍኩ። ረጅም ልጽፍ ጀምሬ አጠፋሁት። በፈተናው ቀን አልደርስም፤ አባቶቼን ይዤ እየወጣሁ ነው አልኩ። አባቶቼ። አንድ ሰው ስንት አባት አለው ብላ ትገረም ይሆናል። ትገረም።

ላክሁ። ሄደ።

አምቡላንሱ ክላክስ እያደረገ ነው። ጋሼ አባቴን እንዳይወድቅ ደግፎ በር ላይ ቆሟል፤ ግራውን ጫማ ቀኝ እግርህ ላይ አድርገሃል እያለ ይጮኽበታል፤ አባቴም፣ እኔ አባትህ ነኝ፣ አትቆጣኝ ይለዋል። ልሂድና ጫማውን